ዙምራ ድልድዩ ላይ

ሐምሌ 4
ላሟን አለብኩ። ድንቹን ኮተኮትኩ። ከሰዓት ወንዝ ወርጄ መንጠቆ ጣልኩ፤ አንድም አሳ የለም። አልከፋኝም... ውሃውን ሳይ ዋልኩ። ስመለስ ሚስቴ ዙምራ ገና ከበሩ፣ "ጭቃህን እዚያው ደጅ!" ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እሷ እግሯን እንኳ ወንዙ ውስጥ ነክራ አታውቅም።

ሐምሌ 7
ለካ እውነት ነው። ኩባንያው ለኤሌክትሪክ ብሎ ወንዛችንን ቱቦ ውስጥ ሊከተው ነው። ማሽኑ ሰሞኑን ይገባል አሉ። መስጊዱ ግቢ ተሰበሰብን። ወንዱ ሁሉ ጮኸ፣ ፎከረ። በመጨረሻ ጎረቤቴ ናዚፍ፣ "ማሽኑ እንዳያልፍ ሴቶቹ ድልድዩን ዘግተው ይቀመጡ፤ ፖሊስ ሴት አይመታም" አለ።
ዙምራ ብድግ አለች። "እናንተስ?"
"እኛማ ከኋላችሁ አለን።"
"ከኋላ የት? ቡና ቤት?"
ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሐምሌ 12
ዙምራ ከሴቶቹ ጋር እዚያው ድልድዩ ላይ ነው የምታድረው። ፍራሽ ወስዳለች። ቤቱ... ምን ልበል። ጨው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም ለካ።

ሐምሌ 19
ፒታ፣ ያው ድንች የተጠቀለለበት ቂጣ፣ ጋግሬ ወሰድኩላት። ሥሩ አርሯል። ናዚፍ ከቡና ቤቱ በር ላይ ሆኖ፣ "ረሻድ! የማድቤት ሽርጥህን ሳትፈታ ወጣህ እንዴ?" ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምን ያስቀኛል?
ዙምራ ከእማማ ሸፊካ ጎን ተቀምጣ ካልሲ ትሠራለች። "እኔም ቁጭ ልበል?" አልኳት።
"ወንድ ካዩ ለዱላ ሰበብ ያገኛሉ። ሂድ።"
"ተዪው እንጂ፣ ናፍቀሽው ነው" አሉ እማማ ሸፊካ።
"ናፍቆቱ ይቆይ!"
ፒታውን ግን በላችው። ያረረውን ሳይቀር።

ሐምሌ 23
ልጅ ሳለሁ ወንዙ ዳር ያለውን የአኻያ ዛፍ ሲቆርጡት አለቀስኩ። አባቴ "አንተ ሴት!" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንዙ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። መንጠቆ ይዤ እወርዳለሁ። ለአሳ በወረደ ወንድ ማን ይስቃል?
ዙምራ ደግሞ ወፍ ከወፍ አትለይም። አበባ ብሰጣት ለላሟ ታበላዋለች። ግን አንዴ ከተቀመጠች የሚያስነሳት የለም። እኔ ወዳጅ፣ እሷ ጠባቂ... ወንዙ የሚፈልገው የትኛችንን ይሆን?
ዛሬ ትራሷን አሸተትኩ። ይኼንን ማንም አያንብብብኝ።

ነሐሴ 2
ጎህ ሲቀድ መጡ። ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። እኛ ወንዶች ኮረብታው ላይ ቆመን እናያለን። ፖሊሶቹ ሴቶቹን መሬት ለመሬት እየጎተቱ... ሴትም ይመታሉ ለካ። ዙምራ የድልድዩን ብረት አቅፋ አልለቅም አለች። እጇን ጠመዘዙት። ስትጮህ ሰማሁ። ዙምራ ስትጮህ!
እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት መቆፈሪያው ማሽን ፊት ተቀምጬ ነው።
"ተነስ አንተ ሽማግሌ!"
አልተነሳሁም። እንባዬ ይወርዳል፤ ሰው ሁሉ ያያል። ጎትተው ጣሉኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንድ ሰው ዘፍ አለ... ናዚፍ። "ዝም በል" አለኝ፣ ምንም ሳልናገር። ቀጥሎ ሌሎቹ ወረዱ።
ማሽኑ ዞሮ ሄደ። ለዛሬ።

ነሐሴ 5
እጇ ተሰብሯል፤ በጀሶ አሰሩላት። እሷ ቤት፣ እኔ ድልድዩ ላይ። "እኔ ልመለስ፣ አንተ ታለቅሳለህ እንጂ ምን ትሠራለህ!" ብላ ተቆጣች። እማማ ሸፊካ ናቸው በግድ ያስተኟት።

ነሐሴ 9
ዝናብ። ናፈቀችኝ።

ነሐሴ 16
ኩባንያውን ከሰናል፤ ፍርድ ቤቱ ገና አልወሰነም። አሁን ወንድና ሴት ተቀላቅለን ነው የምንጠብቀው።
ጠዋት ደወለች። ስለ ላሟ ትነግረኛለች ስል...
"ወንዙ እንዴት አደረ?"
እንደ ታመመ ዘመድ። ይኼን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።
"ደህና አደረ" አልኳት በስንት መከራ።
ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አንተስ?"
"ናፍቀሽኛል" አልኩ። ጮክ ብዬ። ናዚፍም፣ የቡና ቤቱ ሰዎችም ሁሉ እየሰሙ።