ሦስት መስመር ሰላምታ

ውድ እታለም፣

«የስድስት ቁጥሩ አባት ሴት ልጃቸው ከሰላምታ በቀር ምንም አትጽፍም» አለች ነርሷ። የነገረችው ለጓደኛዋ ነው፤ ያኔ ገና የመጣውን መልእክት ከአባባ ስክሪን ላይ አይታ ወጥታ፣ ኮሪደሩ ላይ አንሶላ እያጠፈች። እኔ ከበሩ ጀርባ የሽንት መያዣውን ይዤ ቆሜ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፤ እጄ ስላልተመቸ ተውኩት። ነርሷን አመንኳት። ምን ታድርግ፣ ያየችውን ነው የተናገረችው። እውነቱን ልንገርሽ አይደል? ደስም አለኝ።

አባባ እንዳስተማረን ቢሆን በሰላምታ መጀመር ነበረብኝ። ዛሬ ግን ሰላምታ ፈራሁ። ያንን የእሱን ሕግ መቼም አትረሺውም፤ የአክስቶቹን፣ የጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን አማች ጤና ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ የገባ ልጅ ደብዳቤውን እንደገና ይጽፋል። እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ የጫማዬን መቀደድ ሁለተኛው መስመር ላይ ብጽፍለት፣ በጫማው ፈንታ ደብዳቤው ተመልሶ መጣልኝ። አንቺ ግን ሁልጊዜም ሰላምታሽ ሙሉ ነበር።

በሆስፒታሉ በየአልጋው ራስጌ ስክሪን አለ። ቤተሰብ ካለበት ሆኖ በድረ ገጽ ይጽፋል፣ በሽተኛው ተኝቶ ያነባል። ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። አባባ ይኮራበት ነበር፤ ለጠያቂው ሁሉ «ልጄ ሣጥን ይሠራል» እያለ ያስተዋውቀኝ ስለነበር፣ አጠገቡ የተኙት ሽማግሌ በነጋታው ክፍል ይቀየርልኝ ብለው ሄዱ።

እኔ የምሠራቸው ሣጥኖች መልእክት የሚገባባቸው ናቸው። ሁሉንም እኩል አደረግኳቸው፤ ወርዳቸውም ቁመታቸውም አንድ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት መስመር። የተረፈው ጽሑፍ ይደበቃል። ከታች ገና አለ የሚል ምልክት እንኳ አላስቀመጥኩም፤ መልኩን ያበላሽብኛል። በቢሯችን ላስቲክ የምንለው ባልደረባ አለ፤ ሁሉም ነገር ይለጠጥ ባይ ነው። ቁመቱን አትወስንበት፣ ሣጥኑ የያዘውን ጽሑፍ አይቶ ራሱ ይርዘም፣ ራሱ ይጠር፣ ይህ ደግሞ አንድ የኮድ መስመር የማጥፋት ሥራ ነው እያለ ስብሰባ ላይ ለመነኝ። ገጹ የወላለቀ ጥርስ ይመስላል አልኩት።

«ሰው እኮ እኩል አይጽፍም፣ ወንድሜ» አለኝ።

«እንግዲያው ይልመዳ» አልኩት። ስብሰባው ሳቀልኝ። አለቃችንም ንጹሕ ሥራ ብሎ አመሰገነኝ። ላስቲክ ብዕሩን ከፍቶ ዘጋ።

አሁን ነርሷ ያን ወደተናገረችበት ማክሰኞ ልመለስ። በአንቺ ላይ ምን ያህል ቂም እንደያዝኩ የምታውቂ አይመስለኝም። አባባ የእማማን የልብስ ስፌት መኪና ሳይነግርሽ ሸጠው፤ አንቺም በሩን ዘግተሽ ሄድሽ። የቀረሁት እኔ ነኝ። ያጠብኩት፣ ያገላበጥኩት፣ ሾርባውን እፍ ብዬ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። እሱ ግን የሚያየው በሩን ነበር፤ በር በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ እኔ ስሆን መልሶ ይተኛል። ይህ ያንገበግበኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ በበር መቅናት ነውር ነው፤ ግን ቀናሁ።

ያን ዕለት መነጽሩን አድርጎ መልእክትሽን ቀስ ብሎ አነበበ። ሲጨርስ ስለ አክስቶቻችን መጠየቅሽ ደስ እንዳለው ነገረኝ። ቀጥሎ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ዘረጋ።

«ትመጣለች ወይ? እስቲ ከታች ሌላ ነገር ካለ እይልኝ» አለኝ።

እታለም፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከታች ሌላ ነገር ሊኖር እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ቀና ብዬ ሣጥኑን አየሁት። ያምር ነበር።

«ከታች ምንም የለም፣ አባባ። ሰላም ብላለች» አልኩት።

«ሰላምታዋ እንኳ ሙሉ ነው» አለና መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሩን ከዚያ በኋላ አላየም። ረቡዕ ከሰዓት አረፈ።

አንቺ ሐሙስ ጠዋት ሻንጣሽን እየጎተትሽ ደረስሽ። ከቀብር መልስ፣ በሰው ፊት፣ «ጽፌላችሁ ነበር እኮ» አልሽኝ። እኔም «ሰላምታሽ ደርሶናል» አልኩሽ። አክስታችን አቀርቅራ የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥር አየኋት። አንቺ ፊትሽን አዞርሽ። ያን ጊዜ ያፈርሽ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታሉ ሰዎች መልእክታችን ተቆረጠ እያሉ ነው ብሎ ቅሬታ ላከ። ላስቲክ ያቺን አንድ መስመር አጠፋት። ሣጥኖቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ፤ ረጅሙ አጭሩን እየገፋ ወደ ታች ወረደ፤ ገጹ የፈራሁትን ያህል አስቀያሚ ሆነ። እንደሠራ ለማረጋገጥ የቆዩትን መልእክቶች ሲከፋፍት ድንገት እጁ ቆመ። ወንበሩን ገፋ አደረገልኝ። «ይሄ የእናንተ ቤት ይመስለኛል» ብሎ፣ ገና ያልጨረሰውን ሻይ ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ።

ከሰላምታው በታች እንዲህ ይላል፦ «አባባ፣ የመኪናውን ነገር ትቼዋለሁ፤ አንተም አታስበው። ሐሙስ ጠዋት እደርሳለሁ። እስክደርስ እንዳትሄድብኝ። ወንድሜን ብቻውን ስለተውኩት ይቅር በለኝ በልልኝ።»

ቆሜ አነበብኩት። መቀመጥ አልቻልኩም።

ለአክስቶቻችን ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ሰላምታ ብቻ ላከች ያልኩትን በየቤታቸው እየዞርኩ አስተባበልኩ። ትልቋ «እና ኮምፒዩተሩ ነው ጥፋተኛው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ሣጥኑ አጭር ነበር አልኳት፤ ለሌሎቹም እንዲሁ። ለአንቺም ያንኑ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። መነጽሩ እኔ ጋ ነው፤ ስትመጪ ውሰጂው። የምትመጪ ከሆነ በሩን እኔ እከፍታለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ገጹን ስሠራ ከእያንዳንዱ መልእክት ግልባጩ፣ ምንም ሳይቆረጥ፣ ለቤተሰቡ ተጠሪ ስልክ እንዲደርስ አድርጌ ነበር። የአባባ ተጠሪ እኔ ነበርኩ። ያንቺ ግልባጭ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ «ያልተከፈተ» ይላል።