ምልዓተ ጉባኤ ያልተሟላበት ቤት

ውድ ልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ የስፌት መኪናዬን ክዳን ጠረጴዛ አድርጌ ነው። ትልቁ ጠረጴዛ ከወንበርሽ ጋር ፊት ለፊት ስለሚያፋጥጠኝ እዚያ መቀመጥ ትቻለሁ።

በቅድሚያ የአገሩን ሁኔታ ላቅርብ። ግዛታችን፣ ሁለት ክፍልና አንድ ኩሽና፣ እንደነበረ አለ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ውሃ በጣራችን መንጠባጠቡን ካልቆጠርነው ሉዓላዊነታችን አልተደፈረም። መንግሥትም አለ፤ እኔ ነኝ። የጠፋው ሕዝብ ነው።

አንደኛ ዓመት ሳለሽ የፖለቲካ ሳይንስ መግቢያ ፈተና ሲደርስብሽ፣ «አባዬ፣ ለሰው ካላስረዳሁት አይገባኝም» ብለሽ ከሱሪ ማሳጠር አንስተሽ ሕዝብ አድርገሽ ሾምሽኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎ ነበርና ተሿሚው አላንገራገረም። አንድ ሳምንት አንቺ መንግሥት እኔ ሕዝብ፤ በሚቀጥለው እኔ መንግሥት አንቺ ሕዝብ። በሥልጣን ተራዬ «ራዲዮኑን ዝጊና አጥኚ» ብዬ ሳዝሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?

«ኃይል አለህ፤ ቅቡልነት ግን የለህም።»

«ደግሞ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ኃይል ማለት አንተ ተነስተህ ስትዘጋው ነው። ቅቡልነት ማለት እኔ አምኜበት ስዘጋው።»

ተነስቼ ዘጋሁት። «አምባገነን!» ብለሽ ኩሽና ድረስ እየሳቅሽ ሄድሽ። ፈተናውን ግን አለፍሽ፤ ጭቆናው ውጤት ነበረው።

የቤታችን ሕግ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበረችው፤ እሷንም ያረቀቅሻት አንቺ ነሽ። ሁለታችንም ካልተገኘን ምንም ነገር አይወሰንም። ቅዳሜ ከሰዓት በመቀሴ እጀታ ጠረጴዛውን መታ መታ ሳደርግ ስብሰባው ይከፈታል። ስለ መጋረጃው ቀለም ስንነታረክ የከረምነውን አስቢ! እኔ ቡኒ፣ አንቺ አረንጓዴ ብለን በመጨረሻ ማናችንም ያልወደድነውን ቢጫ አጸደቅን። «ይህ ነው ዲሞክራሲ» አልሽኝ፤ ያን ቢጫ እያየሁ እስከ ዛሬ አምንሻለሁ።

ከዚያ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘሽ። ሻንጣ ስንሸክፍ፣ ዚፑ እምቢ ሲል፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው ስንል፣ አንቀጿን ማሻሻል ለማናችንም ትዝ አላለንም። በመጀመሪያው ቅዳሜ እንደ ልማዴ ጠረጴዛውን መታሁ፤ ግራ ቀኝ አየሁ። «ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ስብሰባው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላልፏል» አልኩት ወንበርሽን። ይኸው እስካሁን አስተላልፋለሁ። የክፍልሽ አምፖል ተቃጥሎ ውሳኔ ይጠብቃል። አንድ ቀን ሱሪ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ሰማኝ።

«ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከምክር ቤቱ ጋር።»

«የት አሉ?»

«ዛሬም ቀርተዋል።»

ሱሪውን በእጁ እንደያዘ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት አክስትሽ ያለ ቪዛ ድንበር ጥሳ ገባች። የወንበርሽን አቧራ በጣቷ አሰመረችበትና ዞራ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣» አለች፤ ጸጉሬ ነጭ መሆኑ ለእሷ አይታያትም። «ይህን ቤት ለአከራይህ መልስና እኔ ጋ ና። ክፍል አለኝ። ብቻህን ስታወራ ሰፈሩ እየሰማህ ነው።»

«እትዬ፣ ይሄ በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባት ነው።»

«ገና መች ገባሁና! ስገባማ ታየኛለህ።»

«ጉዳዩ በስብሰባ ይታያል።»

«ከማን ጋር?» አለች። ወንበሩን አየች፤ ድምጿ ወረደ። «እስከ ወሩ መጨረሻ አስብበት፣ እሺ ወንድሜ?»

ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ስደውልልሽ ቢሮ ነበርሽ፤ ከኋላሽ ሰዎች ይሳሳቃሉ። ሁሉንም ነገርኩሽ። «አባዬ፣ ደስ ያለህን አድርግ፤ የሚሻልህን አንተ ታውቃለህ» አልሽኝ። ከደግነት እንደሆነ አላጣሁትም። ነገር ግን አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ፤ እንዲህ ያለው ድምፅ ድምፀ ተአቅቦ ይባላል። ስልኩን ዘጋሁት። ሥልጣኑ ሁሉ በእጄ ነው፤ ተቃዋሚ የለኝም። ራዲዮኑን ስከፍትም ስዘጋም ማንም ምንም አይለኝም። አምባገነን ሰው እንዲህ ጭር እንደሚልበት ያ ወፍራም መጽሐፍሽ የትኛው ምዕራፍ ላይ ደበቀው?

ሥራሽን ጥለሽ ነይ አላልኩሽም፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢቀርብ ራሴው እጄን አውጥቼ እቃወመዋለሁ። የምለምንሽ አንድ ቅዳሜ ነው። መጥተሽ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ። «አባዬ፣ አትሂድ» በዪኝ፣ ወይም «ሂድ፣ ምን ትጠብቃለህ» በዪኝ፤ ብቻ አንዱን በዪኝ። ጠረጴዛ እየደበደብሽ ተከራከሪኝ። ቤቱ ይዘጋ ካልሽም አንዱን ጫፍ አንቺ፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን ያን ቢጫ መጋረጃ እናወርደዋለን። ብቻዬን ግን አላወርደውም፤ ሕጉ አይፈቅድልኝም።

ወንበርሽን ወልውዬዋለሁ። ያለ ስብሰባ የወሰንኩት ይህን ብቻ ነው፤ ስትመጪ ክሰሺኝ።

ተራችንን ወደ ኋላ ቆጥሬ ደረስኩበት፤ በዚህ ሳምንት መንግሥቷ አንቺ ነሽ።

ትእዛዝሽን የሚጠብቀው ሕዝብሽ፣
አባትሽ