ግማሽ ላይ የሚጠፋው ሞተር

ታዴዬ፣ የኔ ሰው፦

ከተለያየን ብርዱ መጥቶ ሄደ፤ ይኸው ደግሞ የቤሩት ሙቀት ልብስን ገላ ላይ የሚያጣብቅበት ጊዜ ደረሰ። በእኛ እምነት ሙታንን ማነጋገር እንደማይፈቀድ ታውቃለህ። እኔ ግን አላነጋግርህም፣ እጽፍልሃለሁ እንጂ። ፓስተራችን ቢሰማ ልዩነቱ ምንድን ነው ይለኝ ይሆናል፤ እስኪሰማ ድረስ ልጨርሰው። ያ በእጅህ የሠራኸው ትንሽ አውሮፕላንህ ቤንዚኑ ግማሽ ሲደርስ ለምን እንደሚጠፋ ታወቀ! ሳታውቀው ሄድክብኝ፤ እኔ ደግሞ አውቄው ለማን ልናገር?

መጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርህ። አሁንም እዚያችው ፉርን ኤል ሸባክ ያለችው ክፍላችን ውስጥ ነኝ። ጓደኛዬ ሂሩት ከቀጣሪዎቿ ቤት ወጥታ ከእኔ ጋር ገብታለች። ይህ ኮሮና የሚሉት በሽታ ከመጣ ወዲህ ቤቷን የማጸዳላት የባዳሮዋ ማዳሜ አንድ ሳምንት ነይ፣ አንድ ሳምንት ቅሪ ትለኛለች። የምናመልክበት አዳራሽ ስለተዘጋ እሁድ እሁድ የምንጸልየው በየተራ በየሰው ክፍል ነው። የእኛ ተራ ሲደርስ ምእመናኑ ጣሪያው ላይ ከተንጠለጠለው አውሮፕላንህ ክንፍ ሥር አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይቀመጣሉ። ሂሩት የቤንዚኑ ሽታ ራሴን አመመኝ እያለች ታማርራለች። እኔም ስንት ጊዜ እንዲሁ ጨቅጭቄሃለሁ። አሁን ግን ጠበቃው ሆኜልህ አረፍኩ፤ መስኮት ክፈቺ እላታለሁ።

መጀመሪያ ሜዳ የወሰድከኝን ቀን እያሰብኩ ብቻዬን እስቃለሁ። አሠሪህ አቡ ኤልያስ ጄኔሬተር ከሚጠግንበት ማሃሉ፣ ከሱቁ፣ ያን አሮጌ ትንሽ ሞተር ሰጥቶህ፣ አንተ ክንፍና ጭራ አበጅተህለት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የወይራ ማሳ አጠገብ ሄድን። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲሰጡት እንዳያመልጥ ብለህ ከኋላ አንበረከክኸኝና ጭራውን አስያዝከኝ። አቡ ኤልያስ ጎን ቆሞ እያዳመጠ «ፈኢር! ፈኢር!» ብሎ ጮኸ። ያንን ቃል ማዳሞቹ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ስለ እኛ ሲሉት ስንቴ ሰምቼዋለሁ! እሁድ በሰላም ቀን፣ ተንበርክኬ እያገዝኩት፣ ደሃ ብሎ ይሰድበኛል ብዬ ደሜ ፈላ። ጭራውን ለቅቄ ተነሳሁ። አውሮፕላኑ እየዘለለ ሄዶ እሾህ ውስጥ ተሰነቀረ።

አንተ መሬት ላይ ተቀምጠህ እንባህ እስኪወርድ ሳቅህ። ደሃ የተባለው ሞተሩ ነው አልከኝ። አየር በዝቶ ቤንዚን ሲያንሰው ድምፁ ይሰላል፣ ይግላል፣ ያኔ ፈኢር ይሉታል፤ ቤንዚን ሲበዛበት ደግሞ ይጨሳል፣ ይንተባተባል፣ እሱን ገኒ፣ ሀብታም ይሉታል። ሁለቱን የሚያስታርቁት ካርቡራተሩ ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ መቼ አሳረፍከኝ? ወጡ ጨው ሲያንሰው ፈኢር፣ ሻዩ ስኳር ሲበዛበት ገኒ! አቡ ኤልያስም ነገሩ ሲገባው አፍሮ፣ ሀራም፣ ነውር ነው፣ አንቺን አይደለም ያኒ እያለ ስንት ሳምንት ይቅርታ ጠየቀኝ።

ያ የግማሹ ነገር ግን እንቆቅልሽ ሆኖብህ ቀረ። ሰልባትዮው፣ የቤንዚን መያዣው፣ ጢም ሲል ሞተሩ ይዘፍናል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይጮኻል፣ ጸጥ ይላል። ብሎኑን ከፍተህ ቤንዚን ብታበዛለት ገና ሲነሳ ያጨስና ግማሽ ላይ ያው ይጠፋል። ካንዴላውን ቀየርክ፣ ካርቡራተሩን ፈትተህ አጠብክ። በመጨረሻ ብሎኖቹን ሞተሩ አሳምሮ ወደሚዘፍንበት ቦታ መልሰህ ተውካቸው። በዚያው ሳምንት ማሃሉ ደጃፍ ላይ ወደቅህ። ሐኪሞቹ ልቡ ቆመ አሉኝ። ለምን እንደቆመ የነገረኝ የለም። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሁሉ በሰልፈኞች የጎማ እሳት ተዘግቶ ነበር፤ እኔ በእግሬ ስደርስ ሁሉ ነገር አልቋል።

በጸደይ፣ መውጣት ሲፈቀድ፣ አቡ ኤልያስ ደውሎ አውሮፕላኑን ይዘሽው ነይ አለኝ። ገና ሳይቀመጥ ካቻቪቴውን ወደ ብሎኑ ሲዘረጋ እጁን ያዝኩት። እዚያ ላይ እጅህን ሳይ እንዴት ላስነካ? ልብስህን ለሰው ሰጥቻለሁ፣ ስልክህንም ወንድምህ ጋ ልኬዋለሁ፤ እጅህ እንዳስቀመጠው የቀረኝ ያ ብቻ ነው። ሽማግሌው ሞተር ነው እኮ ያኒ ብሎ ሊቆጣኝ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው።

ታዲያ ብሎን ካልተነካ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እንዲህ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ፣ ጠያቂነቴን ደግሞ ታውቀዋለህ። ቤንዚኑ ሲቀንስ አውሮፕላኑ ስለሚቀል ነው? ሲግል ነው? ሲያዘነብል ነው? አቡ ኤልያስ ለሁሉም አይደለም ይለኛል። ሌሊት ተኝቼም፣ አውቶቡስ ላይም ያንኑ ነው የማስበው። ያኔ የምታስበው ይህን ነበር እንዴ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየህ ስትተኛ? እኔ እኮ የተከፋህ እየመሰለኝ እጨነቅ ነበር። ለካ እንዲህ ደስ ይላል!

አንድ ቀን ባዳሮ የማዳሜን መስተዋት ስወለውል የሚረጨው ጠርሙስ ቱፍ ቱፍ አለብኝ። ሳሙናው ግማሽ አለው። ሞልቼው ስሞክር ይረጫል። ከፍቼ ቱቦዋን ባወጣት መሐል ላይ ተሰንጥቃለች፤ ፈሳሹ ከስንጥቁ በታች ሲወርድ የምትስበው አየር ነው ማለት ነው። መወልወያውን እንደያዝኩ ለአቡ ኤልያስ ደወልኩ። እዚያ ሰልባትዮ ውስጥ ቱቦ አለ ወይ አልኩት። አለ፣ ለምን ትጠይቂያለሽ አለኝ። ያላ፣ በል ክፈተውና እየው አልኩት።

ቱቦው ደርቆ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። አዲስ አስገባንለት፣ አቡ ኤልያስ አንበርክኮ ጭራውን አስያዘኝ። ግማሽ ደረሰ። ግማሹን አለፈ፤ ድምፁ ያው ነው፣ እየዘፈነ። ብሎኑ ጥፋት አልነበረበትም፣ ታዴ። ጆሮህ ትክክል ነበር። አቡ ኤልያስ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ፤ እኔ ግን አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፣ ተናደድኩ። የሞተሩን ሆድ ከፍተው አሳዩኝ፤ ያንተን ግን ማንም አላሳየኝም። ይህ ጥያቄ አብሮኝ እንደሚኖር አውቃለሁ።

ባለፈው እሁድ ደግሞ ሙቀቱ በርትቶ ሞተሩ አጨሰ፣ ተንተባተበ። ስንጥቅ ፍለጋ ሰልባትዮውን ልከፍት ስል አቡ ኤልያስ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ገኒ ሆነ፤ ይህኛው የብሎን ነው፣ ታዴ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ጠዋት ያጠብቀው ነበር አለኝ። ካቻቪቴውንም መሬት ላይ አስቀምጦ ሲጋራውን ሊያጨስ ራቅ አለ።

ብሎኑን አየሁት፣ ካቻቪቴውን አየሁት። ከዚያ አንስቼ ብሎኑን ወደ ውስጥ፣ በጣም በትንሹ፣ አጠበቅሁት።  ጭሱ ቀነሰ፣ ድምፁ ጠራ። ካቻቪቴውን እንደያዝኩ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቅር አይበልህ፣ የኔ ሰው። ሙቀቱ ሲያልፍ ደግሞ በሌላ በኩል እያዞርኩ አዳምጠዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር አስብሃለሁ፣ ቃሌ ነው። ከእንግዲህ ግን እዚያ ብሎን ላይ ያለው ያንተ እጅ ብቻ አይደለም፣ የእኔም አለበት።

ያንተው ሰናይት