ሁለቴ ብልጭ የሚለው መብራት

ለእህቴ ልጅ፣

ከመፋዛ፣ ከራሀድ ወንዝ ዳር፣ ሰላምታዬ እንደ ክረምት ጎርፍ ሞልቶ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጣና ላይ የጀመርሽው የጀልባ ትምህርትስ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ክስ ግን አለኝ። የላክሽልኝ መነጽር አፍንጫዬን ያሳክከኛል፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ባየኝ ቁጥር “ሙዲር መጣ፣ ተነሡ” ይላል፤ አለቃ ማለታቸው ነው። ካሳ እፈልጋለሁ።

አሁን ምስጋናዬን ስሚ። መሻገሪያው ላይ የሰጠመው ትራክተር ወንዙ ሲሞላ እንደማይታይ ታውቂያለሽ። ጀልባ እንዳይመታው ብዬ፣ ውኃው ሳይሞላ ረጅም እንጨት አስሬበት ፋኑስ ሰቀልኩ። እዚህ አገር ግን ወንዝ ዳር ፋኑስ የሚሰቅለው ሻይና አሲዳ፣ ማለት የእነሱ ገንፎ፣ ያለው ሰው ነው፤ “ኑ፣ እረፉ” ማለት ነው። ጀልበኛው እስማኤል ከሰሊጥ እርሻ የሚመለሱትን ሠራተኞች ጭኖ፣ ሲመሽ ቀጥ ብሎ ወደ ፋኑሱ ቀዘፈ። እናትሽም ከማዶ እኔን ልትጠይቅ ተሳፍራ ነበር። ጀልባው ትራክተሩን ገጭቶ አጋደለ፤ እሷም ወደቀች። ሠራተኞቹ ዘለው ባይዟት ኖሮ፣ እንጃ። “ወንድሜ ድግስ ጠርቶ ወንዝ አጠጣኝ” ብላ፣ ሁለተኛ ላትሻገር ምላ ከነእርጥብ ቀሚሷ ወደ ማዶ ተመለሰች።

በስልክ ስነግርሽ ሳትስቂ አስረዳሽኝ። (ትንሽ ስቀሻል፣ ሰምቻለሁ።) ዝም ብሎ የሚበራ መብራት ቤት ይመስላል፤ ውኃ ላይ መብራት የሚታወቀው በአበራሩ ነው፤ ዙሪያውን ዞረው ለሚያልፉት አደጋ ነጭ ሆኖ ሁለቴ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ሁለቴ አልሽኝ። የተበላሸ የሶላር መብራት ፈታትቼ፣ ጣቴን አቃጥዬ ሠራሁት። እስማኤል መጀመሪያ “ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ መብራትህ ይጠቅሳል፤ ሚስት ፈልጎ ነው?” ብሎ ቀለደብኝ። አሁን እሱ ራሱ ለተሳፋሪው እያሳየ ከሩቅ ዞሮ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ የተነካ ጀልባ የለም። ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

እናትሽ ግን አልመጣችም። በእስማኤል እጅ በርበሬ ትልክልኛለች፤ ሰላምታ የለውም። በርበሬው ይበቃኛል እያልኩ እቀልዳለሁ። ስበላ ዓይኔ የሚያለቅሰውም በበርበሬው ነው።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። እስማኤል ይሆናል።

እስማኤል አይደለም። “ክፈት እንጂ! ሁለቴ ብልጭ ሲል አይቼ፣ ዞሬው መጣሁ” ትላለች።

የረገጥሽው ይለምልም፣ የምትቀዝፊው ከዳር ይድረስ። ልክፈትላት።

አጎትሽ