ባትሪ የሚያበራው ባለቤቱ ነው

አባዬ፣

ካላንተ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እስከ ዛሬ ዕረፍትህን ላለመረበሽ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን አንጀቴ እያረረ ነው፤ ያሳረሩት ደግሞ ጎረቤቶችህ ናቸው።

የጥገና ክፍላችንን ወሰዷት። ከእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ጎን፣ አንተና እትዬ ብርቄ ቆርቆሮ ለምናችሁ የሠራችኋትን። አንተ ምድጃና ራዲዮ፣ እሷ ዚፕና ጃንጥላ የምትጠግኑባትን። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጸጋዬ በአርባህ ዕለት ስለ ደግነትህ ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ክፍሏ ለኮስሞቲክስ ሱቅ መከራየቷን አረዳን። ሥራውን እኔ እቀጥላለሁ ስል «አንቺ ደግሞ! ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ካቻቢቴ ልትጨብጪ ነው?» አለኝ። የላክንሽ! የላከኝ አንተ ነህ። ጠበል ጸዲቅህን እየጎረሱ ሳቁ፤ ምድጃቸውን የጠገንክላቸው ሰዎች። ዕቃህን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀው በራችን ላይ ጣሉት። ዝናብ መታው፣ ፒንሳህ ዛገ።

ዝገቱን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ አግዳሚውን ደጃፍ አውጥቼ ተቀመጥኩ። እትዬ ብርቄም የስፌት መኪናዋን አስጭና መጣች። ሕግህን አልነካሁም፦ ዕቃ ጥሎ መሄድ የለም፣ ባለቤቱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ባትሪ ያበራል። «ዕቃዬን ቀየሩብኝ የሚል ከመጣ ጎረቤትነት አበቃ» ትል ነበር። የንስሐ አባታችንን እንኳ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈህ ባትሪ አስይዘሃቸው፣ እንዴት እንደሳቅን ትዝ ይልሃል?

ትናንት የእድሩ ስብሰባ ሊጀመር ሲል ድምፅ ማጉያው ተበላሸ። ጋሽ ጸጋዬ በሰው ላከው። መለስኩት። እየተነጫነጨ ራሱ ይዞት መጣ። ባትሪውን አቀበልኩትና «ከፍ ያድርጉልኝ፣ ጋሽዬ» አልኩት። የተበጠሰው አንዲት ቀጭን ሽቦ ናት፤ ቶሎ ባበቃ ነበር። አልቸኮልኩም። እጁ እስኪዝል ሰፈሩ ቆሞ አየው።

ሲጠገን መሞከር ነበረበት። ሰው ሁሉ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይልበታል። እኔ «ክፍላችንን መልሱልን!» አልኩበት። ልደታ ማርያም ቅጥር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በዚህኛው ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም። እትዬ ብርቄ ብቻ «እሰይ የኔ ልጅ!» አለች።

ገና አልመለሱም። እስኪመልሱ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እነሳለሁ።

አልረሳህም፣ አባዬ። ሻማህን ማርያም ሄጄ ራሴ አበራልሃለሁ። ባትሪህን ግን እነሱ ይይዟታል።

ልጅህ ሰናይት