ሰው የሌለበት ጨዋታ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጀርባህስ፣ ወንበር ላይ ስትውል አሁንም ያምሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርምብኛል እንጂ ሌላ የሚከፋ ነገር የለኝም። የጓሮው በር ተጠግኗል፤ ያንተ ክፍል እንደተውከው ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ሥራ እንዳገኘህ፣ ከቤት ሳትወጣ በኮምፒውተር እንደምትሠራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን እንዳልደውልልህ ጽፈህልኝ ነበር። ቀጣሪዎቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ቀልድ ግን አይወዱም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም ብለሃል። ለሳቅ እንደጻፍከው ገብቶኛል። እኔ ግን አልሳቅኩም። አሁን የምጽፍልህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን ከሰማሁ መናገር ስለማልችል ነው።

ስለ ሥራዬ በቅጡ አጫውቼህ አላውቅም። ውርርድ ቤት ጽዳት እንደነበርኩ ታውቃለህ። ስድስት ዓመት ሙሉ የጠረግኩት የተቀደደ ትኬት ነው። ሰው ተናዶ የጣለውን እያነሳሁ ማንበብ ጀመርኩ። ለምን አንዱ ቡድን ሁለት ተኩል፣ ሌላው አራት እንደሚከፍል ማወቅ ፈለግኩ። ኦዱ፣ ማለት ቤቱ ለተወራረድክባት ለእያንዳንዷ ብር የሚከፍለው፣ ሁለት ተኩል ከሆነ፣ ቤቱ ይህ ነገር ከመቶው አርባ ጊዜ ይሆናል ብሏል ማለት እንደሆነ የደረስኩበት በወራት ነው። ከዚያ የአንድን ጨዋታ ሦስቱን ኦዶች እንዲህ እየቀየርኩ ብደምራቸው መቶ ስድስት መጡልኝ። መደመር ያቃተኝ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ደጋገምኩት። ስድስቷ ስህተት አልነበረችም፤ የቤቱ ድርሻ ነበረች።

አንድ ቀን የሚያነክስ፣ ኮፍያ የማያወልቅ ደንበኛ መጥረጊያዬን አስደግፌ ወረቀት ሳነብ አየኝና ምን እያነበብሽ ነው አለኝ። ስድስቷን እየፈለግኩ ነው አልኩት። የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ አሁን የሚኖረው በውርርድ ነው። ሳምንት ሳይሞላ መጥረጊያውን አስጥሎ ቢሮው አስገባኝ።

ቢሯችን ከልብስ ሰፊዎች በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከሥር የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። መምህሩ የምንለው ያ ሰውዬ፣ ኮምፒውተሩን የሚይዘው ቀጭኑ የምንለው ልጅና እኔ ነን። የእኔ ሥራ የጨዋታ ቪዲዮ እያየሁ እያንዳንዱን ምት መመዝገብ ነው፤ ከስንት ሜትር፣ በየትኛው እግር፣ በረኛው የት ቆሞ። ጎል የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሙከራዎቹ ግን አይዋሹም። ቀጭኑ የእኔን ቆጠራ አስልቶ ከመቶው አርባ ስድስት ካለ፣ ቤቱ ደግሞ አርባ ብሎ ከሸጠ፣ እንገዛለን። ዛሬ እንሸነፋለን፣ ነገም እንሸነፋለን፤ ሺህ ጊዜ ሲሆን ግን ይመጣል። ሰው ቁማርተኛ ዕድል የሚወድ ይመስለዋል። መምህሩ ዕድልን የሚያየው አንተ ትኋንን በምታይበት ዓይን ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ከአራት ወር በፊት ቀጭኑ አንድ አዲስ ዝርዝር አመጣ። አንድ ትንሽ ክለብ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተለያዩ ቡድኖች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ያደርጋል። ቪዲዮ የለውም። ሜዳው ዳር የተቀመጠ አንድ ዘጋቢ ጎሉን፣ የማዕዘን ምቱን፣ ቅያሪውን በስልክ ይልካል፤ ውርርድ ቤቶቹ በእሱ ቃል ብቻ ኦድ ያወጣሉ። ወረቀቱን ሳነብ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እውነተኛ ጨዋታ በሁለት ደቂቃ ሦስት የማዕዘን ምት ያወጣና ሃያ ደቂቃ ይተኛል። ይሄኛው ግን እንደተኛ ሕፃን እኩል እኩል ይተነፍሳል። ሰው ከራሱ አውጥቶ አጋጣሚ ሲፈጥር መድገምን ይፈራል። ደግሞም በዚህ ሁሉ ጨዋታ አንድም ሰው አልተጎዳም። አንድም ተጫዋች አልወደቀም።

ለማንም ሳልናገር ያለፈው ቅዳሜ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተጉዤ ሜዳው ድረስ ሄድኩ።

በሩ ሰንሰለት አለው፣ አጥሩ ግን ፈርሷል። ሳሩ ከጉልበት በላይ ነው። የጎሎቹ ብረት ተነቅሎ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። አንዲት ሴት አጥሩ ላይ አንሶላ ታሰጣለች። ዛሬ ጨዋታ አለ ወይ ብላት፣ እዚህ ኳስ ከተጫወቱ አራት ዓመት አለፈ፣ አሁን የሚሮጠው አይጥ ብቻ ነው አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል፣ ባለፈው ወርም አንድ ኮፍያ ያደረገ አንካሳ እንደ አንቺ ስልኩን ይዞ ተጎልቶ ዋለ አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጨዋታው ተጀመረ አለ። ሳሩ አልተንቀሳቀሰም። በሰባተኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት በግራ በኩል አለ፤ ወደ ግራ አየሁ። በሠላሳ አራተኛው ጎል አለ፤ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝም። ፀሐይ ነበር፣ የአንሶላዎቹ ድምፅ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ግን ወንድሜ፣ እየቆየ ሲሄድ ባዶነቱ ተወኝ። ማን የት እንደቆመ አወቅኩ። አስራ አንድ ቁጥርን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

በስልሳ ዘጠነኛው ደቂቃ ቅያሪ አለ። አስራ አንድ ቁጥር ወጣ፣ አስራ ስድስት ቁጥር ገባ።

ሳላስበው ቦርሳዬን ከጎኔ አንስቼ ለወጣው ልጅ ቦታ ለቀቅኩለት።

ከዚያ በሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ስልኬ ሙከራ አለ። የሞከረው አስራ አንድ ቁጥር ነው። የወጣው ሰው። ወደ ጎኔ ዞሬ ማየት ፈራሁ። ጨዋታው እስኪያልቅ አንገቴን አላዞርኩም፤ ካለቀም በኋላ በሌላኛው በኩል ነው የወረድኩት።

ቤት ገብቼ እስካሁን የመጣልንን የአስራ አራቱን ጨዋታ ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋሁ። በሁሉም፣ ያለ አንዳች ልዩነት፣ በስልሳ ዘጠነኛው ደቂቃ አስራ አንድ ይወጣል፣ አስራ ስድስት ይገባል። ከዚያ በኋላ ከአስራ አራቱ በአስራ ሁለቱ ቡድኑ ጎል ተቆጥሮበታል። ይህን ጨዋታ ከራሱ አውጥቶ የሚጽፈው ጸሐፊ አስራ ስድስትን እየቀጣው ነው ብዬ አሰብኩ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ታላቅ ወንድምህ አስራ አንድ ቁጥር ለብሶ ሜዳ ላይ ወድቆ የቀረው በሰባኛው ደቂቃ ነው። አንተ አስራ ስድስት ለብሰህ ተቀያሪዎች ወንበር ላይ ነበርክ። አሰልጣኙ ተነስ፣ ግባለት ሲልህ፣ እሱ ከሜዳው እጁን አውለብልቦ ገና ነኝ አለህ፤ አንተም ተመልሰህ ተቀመጥክ። ይህን ከቀብር መልስ አንድ ጊዜ ነገርከኝ፤ ከዚያ በኋላ አላነሳኸውም። እኔም አላነሳሁብህም።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ለመምህሩ ጨዋታው የለም አልኩት። ሻዩን እያማሰለ አውቃለሁ አለኝ። ሳር ላይ ተጫወቱት፣ ወረቀት ላይ ተጫወቱት፣ ለእኛ ምን ገዶን፣ እንዲያውም የወረቀቱ ይሻላል፣ ሳር ልማድ የለውም፣ ሰው ግን አለው አለ። ሰሌዳው ላይ ስልሳ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ጎል ይቆጠርበታል ለሚለው ውርርድ ቤቶቹ የሚሰጡት ኦድ ሁለት ነጥብ ስድስት ነው፤ ከመቶው ሠላሳ ስምንት ይላሉ። የእኛ ወረቀት ከመቶው ሰማንያ ስድስት ይላል። እንዲህ ያለ ክፍተት በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። እስካሁን የጠበቀው በቂ ጨዋታ እስኪጠራቀምለት ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ያለውን ሁሉ፣ በየከተማው ባሉ ሰዎቹ በኩል ሊያወርድበት ነው።

ቀጭኑ የሰማንያ አራተኛውን ደቂቃ ሙከራ አንስቶ፣ የወጣ ሰው ይሞክራል እንዴ፣ ምናልባት ዳኛው ሽንት ቤት ነበር ብሎ ሳቀ። መምህሩ ሳይስቅ፣ ጸሐፊው ደክሞታል፣ የደከመ ሰው ደግሞ ልማዱን አይለቅም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ለምን ስልሳ ዘጠኝ? ይህ ሰው በጭንቅላቱ ያለው ምንድነው? ከሁላችንም ያንቺ ዓይን ነው የሚያየው አለኝ። አላውቅም አልኩት። አንቺ ሴትዮ አላውቅም ስትዪ ነው የምፈራሽ አለኝ። እዚያ ቢሮ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቁጥር አዛብቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ውሸቴ ይሄ ነው።

መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ስለ ጸሐፊው አያስብም እንጂ። እኔ ግን አስባለሁ። በአንድ ከሰዓት፣ በአንዲት ደቂቃ ላይ ያን ያህል ውርርድ ሲወርድ ጨዋታውን የሚያስጽፉት፣ ውጤቱን አስቀድመው እያወቁ የሚወራረዱት ሰዎች ያዩታል። ጸሐፊያችን ሸጠን ይላሉ። አልሸጠም፣ ልማዱ ከወረቀት ላይ ተነበበበት እንጂ ቢባሉ የሚያምኑ አይደሉም። ቀልድ የማይወዱ ሰዎች ናቸው።

ምንም አልጠይቅህም። መልስም አትጻፍልኝ። ግን አንተ ኮምፒውተር የሚሠሩ ሰዎች ታውቃለህ፤ ያን ጸሐፊ የሚያውቅ ሰው ካጋጠመህ ይህን ንገርልኝ። ቅዳሜ አስራ አንድ ቁጥርን እንዳያስወጣው። አስራ ስድስት ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ ጎልም አይቆጠርበት። መምህሩ ይሸነፋል፤ አንድ ሽንፈት እንደማይገድለው አውቃለሁ፣ ቁጥሩ ተሳሳተ ብሎ ሌላ ጨዋታ ይፈልጋል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ጸሐፊው ሥራውን ትቶ ከዚያ ከተማ ይሂድ። መሄጃ ካጣ የጓሮው በር ይከፈታል።

አለማስወጣት አልቻልኩም፣ እጄ እምቢ ይለኛል ካለ ደግሞ ይህንን ጨምረህ ንገረው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የዚያን ቀን ጠዋት ታላቅህ ጫማውን እያሰረ ደረቴ ከበደኝ ብሎኝ ነበር። የአውቶቡሱ ሰዓት ደርሶ ነበር። ለታናሽህ እንዳትነግረው፣ ይደነግጥብሃል፣ ሂድ ይለቅሃል አልኩት። ስቆ ወጣ። ስለዚህ ወንበር ላይ የነበረው ልጅ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የማውቀው እኔ ነበርኩ። ትኬት ከመሬት እያነሳሁ ከመቶው ስንት ጊዜ እያልኩ መቁጠር የጀመርኩት ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ሌላ ሌላ ነገር እመልሳለሁ።

ይህን አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው፤ ሲቀደድም በደንብ ይቀደድ፣ ቁራጭ የሚያነቡ ሰዎች አሉ።

ፈጣሪ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ። የሚያሳድድህን መንገድ ያሳስተው። የምትገባበት ቤት ደህና ቤት ይሁን፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስተኛ እንቅልፍ ይስጥህ።

እኔ ቅዳሜ ሜዳው እሄዳለሁ። ያቺ ሴት እንደ እብድ ብታየኝም ግድ የለኝም። ሰባኛው ደቂቃ አልፎ አስራ አንድ ቁጥር ሲሮጥ ማየት እፈልጋለሁ።

ሁልጊዜም የማስብህ
እህትህ