የጎደለችው ስልሳ ሳንቲ

ውድ የትነበርሽ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ፒያሳ ካፌ ጀመርሁና ሻዩ ሳይመጣ ተነሣሁ። ቢሮ ጀመርሁ፣ ሰው ገባብኝ። አሁን ቁስቋም አባቴ ቤት ሆኜ እጽፋለሁ፤ አባቴ ግቢው ውስጥ ሲያስል ይሰማኛል። ስልክሽ አለኝ፤ ግን ድምፅሽን ከሰማሁ እዋሻለሁ።

የመኖሪያ ቤት ማኅበራችሁ ከአባቴ ግቢ ጀርባ ቦታ ሲመራ ደስ ብሎኝ ነበር። ዐሥራ ስምንት ቤተሰብ፣ አብዛኛው የሆስፒታል ጽዳትና ጥበቃ፣ አንቺ ነርሷ ሊቀመንበር። የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ተቆጣጣሪ እኔ ሆንሁ። ቦታው የአባቴ ጎረቤት ስለሆነ ጉዳዩን ለሌላ ባለሙያ መተው ነበረብኝ። አልተውሁም። አንቺን የማይበት ሰበብ ነበራ።

ግድግዳው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሜትር ይዤ መጣሁ። መስኮት ያለው ግድግዳ ከወሰን ሁለት ሜትር መራቅ አለበት፤ ከአባቴ አጥር ስለካ አንድ ሜትር ከአርባ ሆነብኝ። በአባላቱ ሁሉ ፊት ሴትባክ አልጠበቃችሁም አልሁ። እማማ እናኑ፣ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ ሴትባክ የሚሉት የሴት ነገር ነው ወይ ብለው ጠየቁኝና ሁሉም ሳቀ፣ አንቺም ሳቅሽ። በወሰኑና በግድግዳው መካከል ባዶ የሚተው ቦታ ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

«ለባዶ ቦታም ቦታ ተሰጥቶታል በለኛ» አሉ፤ «ለኛ ነው የጠፋው።»

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። እኔም የእግድ ወረቀቱን ለጠፍሁ። ቢሮ ድረስ መጥተሽ፣ ከአጥሩ ሳይሆን ከወሰኑ ችካል ደግመህ ለካ ስትዪኝ እንቢ አልሁሽ። ለእሷ አደላ እንዳልባል ፈርቼ ነበር። ደግሞም እንጋባ ብዬሽ እንቢ ያልሽኝ ገና ከሆዴ አልወጣም ነበር። የትኛው እንደበለጠ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንቺም ምንም ሳትዪኝ ወደ እንፍራንዝ ጤና ጣቢያ ተዛወርሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ከአባቴ ጋር የፍሳሽ ጉድጓድ ስንቆፍር ዶማዬ ሲሚንቶ መታ። የወሰኑ ችካል ነበር፤ ከቆርቆሮ አጥራችን ስልሳ ሳንቲ ወደ እኛ ግቢ ገባ ብሎ ተቀብሯል። ያን አጥር ከአራት ዓመት በፊት አባቴ «እዚህ ትከል» ሲለኝ ምሰሶውን የተከልሁት እኔ ነኝ። መሐንዲስ ነኝ ባዩ፣ ችካሉ የት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ግድግዳችሁ ከወሰኑ ልክ ሁለት ሜትር ነው፣ የትነበርሽ። ምንም አላጠፋችሁም።

አባቴ ዶማውን ከእጄ ወሰደ።

«ምነው አንተ፣ ድፈነው እንጂ። በስተርጅናዬ ድንበር ገፊ ተብዬ በየትኛው ዓይኔ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም?»

አባቴ ሲለምነኝ አይቼ አላውቅም። አፈር መለስሁበት፤ በእግሬም ረገጥሁት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልሁም። የምሄድበትን መንገድ ሁሉ በእርምጃ እለካለሁ። ቁስቋም ደጅ ደርሼ ሳልሳለም ተመለስሁ። ትናንት እማማ እናኑ ግድግዳውን ዝናብ እንዳይበላው በማዳበሪያ ከረጢት ሲሸፍኑ አገኘኋቸው። ደህና ዋልህ ልጄ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ በሦስት ሰዓት የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ ግድግዳው ይፍረስ አይፍረስ ይወስናል፤ በእጁ ያለው የእኔ ሪፖርት ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ለአባቴ እንደምናገር ነገርሁት። ወደ ግቢው ወጣ፣ እስካሁንም አልገባም።

ደብዳቤውን ነገ በእንፍራንዝ ሚኒባስ እልከዋለሁ። ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ብዬ ነው፤ ይቅርታውን ስትፈልጊ ስጪኝ፣ ወይም ተዪው። ብትመጪ የቦታውን ካርታ ይዘሽ ነይ። ባትመጪም ኮሚቴውን ወስጄ ችካሉን በእጄ ቆፍሬ አሳያለሁ። አጥሩን ማን ገፋው ማለታቸው አይቀርም። አባቴ ሽማግሌ ነው፤ ምሰሶውን የተከለው እጅ ግን የእኔ ነው። ስለዚህ ስሙን አላነሣም።

ድንበር ገፊው
ባምላክ